ማፑን የሚሠራው ማሽን ለማን ይከፈት?

አገር የሚገነቡበት የኮምፒውተር ጌም፣ ሲቪላይዜሽን 7፣ በየካቲት 2025 ሲወጣ ከተሰነዘሩበት ቅሬታዎች አንዱ ጌም ለማይጫወት ሰው የሚያስቅ ነው። «አህጉሮቹ አራት ማዕዘን ናቸው» የሚል ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ አንድ ምሽት ሙሉ ሊያሳልፍ ተደላድሎ ይቀመጣል። ያልታወቀ ዓለም ሊያስስ ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ የሚያገኘው ግን በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል የባሕር ዳርቻ ነው። በቀኝ አንድ ድፍን የብስ፣ በግራ አንድ ድፍን የብስ፣ መሃል ላይ እንደ ወታደር የተሰለፉ ደሴቶች።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ጩኸት አይነሳም ነበር። ተራ በተራ በሚጫወቱ የስትራቴጂ ጌሞች ውስጥ ግን ማፑ የታሪኩ ግማሽ ነው። ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ታድጋለች፣ በረሃ ላይ የወደቀች ትከሳለች። በጠባብ የተራራ በር የሚገባ ጠላት በሁለት ቀስተኛ ይመከታል። በሜዳ የሚመጣው አይመከትም። ጎረቤት ማን እንደሚሆን፣ ፈረስ የት እንደሚገኝ፣ ባሕር ይኑር አይኑር የሚወሰነው ገና ማንም ሳይነቃነቅ ነው። ማፑ ሁሌ አንድ ዓይነት ቅርፅ ካለው ታሪኩም ሁሌ አንድ ዓይነት ይሆናል።

የዚህ ዘውግ ጌሞች ከጥንት ጀምሮ ማፑን ለኮምፒውተሩ የተዉት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን በ1991 ሲወጣ ተጫዋቹ የየብሱን ስፋት፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና የዓለሙን ዕድሜ መምረጥ ይችል ነበር። የቀረው የማሽኑ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። የማሽኑ ሥራ ምን ያህሉ ዕድል፣ ምን ያህሉ ስሌት ይሁን የሚለው ክርክር ግን አላለቀም። እኔን ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ማሽኑ ሲያጠፋ ከፍቶ የሚጠግነው ማን ነው?

ዕጣ የሚመስል ስሌት

ራንደም ማፕ (በዕጣ የሚወጣ ማፕ) ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ዓይኑን ጨፍኖ መሬትና ውኃ የሚረጭ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢያደርግ የሚወጣው ጣቢያ የጠፋበት ቴሌቪዥን ነው። ድሮ ሌሊት ፕሮግራም ሲያልቅ የምናየው ያ የሚንጫጫ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ። አንዱ ነጥብ ባሕር፣ አጠገቡ ተራራ፣ ከዚያ ደግሞ በረዶ። ይሄ አገር አይሆንም። የእውነት መሬት ጉርብትና ያውቃል። ተራራ ከመድረሱ በፊት ኮረብታ ይላል፤ በረሃም ከጫካ ጋር ድንበር አይጋራም።

መፍትሔው የተገኘው ጌም ቤት አይደለም። ኬን ፐርሊን የሚባል አሜሪካዊ በ1982 በወጣው «ትሮን» ፊልም ላይ ሠርቶ ነበር። በኮምፒውተር የተሠራው ምስል ሁሉ ልሙጥ ሆነበት። የተፈጥሮ ጉርብጥብጥ የለውም። እሱን የሚያመጣ ስሌት ፈለሰፈና በ1985 አሳተመው። በ1997 የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ በቴክኒክ ዘርፍ ሸለመው። ዘዴው ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። በእኩል ርቀት በተቀመጡ ነጥቦች ላይ ብቻ ዕጣ ይጣላል። በመሃላቸው ያለው ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ደቀቅ ያለ ሌላ ንብርብር ይደረባል፣ በዚያም ላይ ሌላ። ትልቁ ንብርብር አህጉሩን ይሰጣል፣ መካከለኛው ተራራውን፣ ትንሹ የዳርቻውን መቆራረጥ። በመጨረሻ «ከዚህ ከፍታ በታች ያለው ሁሉ ባሕር ይሁን» ይባልና ውኃ ይሞላል።

ዕጣውም ቢሆን የእውነት ዕጣ አይደለም። ኮምፒውተር በራሱ ዕድል የሚባል ነገር አያውቅም። መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል። ሲድ ይሉታል፣ ዘር ማለት ነው። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ማለቂያ የሌለው የሚመስል የቁጥር ሰልፍ ያመርታል። ዘሩ አንድ ከሆነ ማፑም አንድ ነው። ሲቪላይዜሽን 6 እንዲያውም ሁለት ሲድ ለይቶ ይይዛል፤ አንዱ ለማፑ፣ ሌላው ለጨዋታው። ጥሩ አገር የደረሰው ሰው ቁጥሩን ጽፎ ለጓደኛው ይልካል። ሴቲንጉ አንድ እስከሆነ ድረስ ጓደኛውም እዚያው ወንዝ ዳር ይነቃል።

እንግዲህ ሲቪላይዜሽን 7 ዕጣ መጣል አልጠፋውም። ያጠበበው የራሱ ሕግ ነው። ጌሙ በዘመናት የተከፈለ ነው። በሁለተኛው ዘመን ሰው ሁሉ ባሕር አቋርጦ ሩቅ አገር እንዲሄድ ይፈለጋል። ከዚያ ሀብት ጭኖ መመለስ ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ማፑ ውስጥ ሁልጊዜ የትውልድ አገርና ሩቅ አገር መኖር ግድ ነው። ሁለቱም ለሰው የሚበቃ መሬት ይኑራቸው። መሃላቸው ደግሞ በመጀመሪያው ዘመን የማይሻገሩት ጥልቅ ባሕር ይሁን። ይህን ሁሉ ግዴታ የተሸከመ ማሽን ቀጥ ያለ መስመር ቢወድ አይፈረድበትም። ሕግ ሲበዛበት ዓለሙ ኮንዶሚኒየም ሳይት መሰለ።

የጌሙ ሠሪ ፊራክሲስ ቅሬታውን ሰምቶ በወራት ውስጥ ማፕ ፈጣሪውን አሻሻለ። ያመጣው ዘዴ ቮሮኖይ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ አጥቢያ ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። አንድ ከተማ ላይ አብያተ ክርስቲያናትን እንደመጣላችሁ በትኗቸው። እያንዳንዱ ቤት በጣም ለሚቀርበው ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ይሁን። ድንበሮቹን ስታሰምሩ አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ፣ አንዱ ሾል ያለ አጥቢያ ይወጣል። ሁለት አንድ ዓይነት አታገኙም። ማሽኑ ዓለሙን እንዲህ ወደ ብዙ ትናንሽ አጥቢያዎች ይከፍላል። ከዚያ የተወሰኑትን አያይዞ አህጉር ያደርጋቸዋል። «ሁለት የብስ ይኑር» የሚለው ሕግ አልተነሳም። ዳርቻው ብቻ ተፈጥሮ መሰለ። ለእኔ ይህ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ሕጉ እስካለ ድረስ ከሁለት መቶ ሰዓት ጨዋታ በኋላም ባሕሩ ወዴት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ

ማፑ ቆንጆ ሆነ እንበል። ለማን ምን ደረሰው?

በድሮው የመሬት ግብር መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ይመደብ ነበር። ጌሞቹም ያንኑ ነው የሚያደርጉት። ማሽኑ አገሩን ከፈጠረ በኋላ ገመድ እንደያዘ ሰው ይዞራል። በየቦታው ስንት ምግብ፣ ስንት ምርት፣ ስንት ወርቅ እንደሚገኝ ይደምራል። ከዚያ ለተጫዋቾቹ መነሻ ያድላል።

የዚህን አሠራር ገበና ለአደባባይ ያወጣው ሲቪላይዜሽን 4 ነው፣ በ2005። ማፑን የሚሠሩት ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ ስክሪፕቶቹ፣ ፓይተን በሚባል የኮድ ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ፣ ማንም ከፍቶ ያነባቸዋል። እኔም አንድ ጊዜ ከፍቼ የማስተካከያውን ቅደም ተከተል ሳነብ ሳቄ መጣ። መነሻ ቦታው መጀመሪያ ይገመገማል። ወንዝ ከሌለው ወንዝ ይቀደድለታል። አጠገቡ ያሉት ገደላማ ተራሮች ይወገዳሉ። ሐይቅ ይጨመራል። ዱሩ ይመነጠራል። በረሃውና በረዶው ይለወጣል። ምግብ ካነሰ ላም፣ ስንዴ ወይም ዓሣ ይታከልበታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ተጨማሪ» የሚል እርከን አለ፣ ምርቃት መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ይሄን ሁሉ አያይም። ጌሙን ይከፍትና «አቤት ዕድሌ፣ ወንዝ ዳር ጣለኝ» ይላል። ከእሱ በፊት ግሬደር ገብቶ ነበር።

ኢትዮጵያም በዚህ ድልድል ውስጥ አለች። ሲቪላይዜሽን 5 በ2012 በወጣው ማስፋፊያ (የጌሙ ተጨማሪ ክፍል) አስገባት፣ መሪዋ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ልዩ ችሎታዋ «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል። ከእሷ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ ሠራዊቷ 20 በመቶ ይበረታል። ይሄ የትም ብትወለድ ይሠራል። ስድስተኛው በ2020 ምኒልክን አመጣ። የምኒልክ ችሎታ ግን ሙሉ በሙሉ መሬቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ከምታፈራው እምነት (ጌሙ እንደ ሀብት ይቆጥረዋል) 15 በመቶውን ያህል ሳይንስም ባህልም ታገኛለች። ወታደሩም ኮረብታ ላይ ሲቆም ጉልበት ይጨምራል። ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ግንባታ ደግሞ ኮረብታ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ካላገኘ አይሠራም። ዙሪያው ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር እምነቱ ይጨምራል።

አሁን ምኒልክን ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ጣሏቸው። ላሊበላ የሚፈለፈልበት ድንጋይ የለም። ሳይንሱም ባህሉም ቀረ። ከኢትዮጵያነቱ የተረፈው ባንዲራው ብቻ ነው። ለዚህ ተብሎ እያንዳንዱ አገር ውስጥ «ወደዚህ መሬት አዘንብል» የሚል መመሪያ ተጽፏል። ለኢትዮጵያ ኮረብታ፣ ለማሊ በረሃ። ማሽኑ ይሞክራል፣ ሁሌ ግን አይሳካለትም። ማፑ ጠቦ ሰዉ ከበዛ ኮረብታችሁ ለሌላ ይደርሳል። (ሰባተኛው ላይ ኢትዮጵያ የምትታየው በአክሱም በኩል ነው። የአክሱም ነጋዴ ስም ታንኳ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ጣና ዳር ሳይደርስ አልቀረም።)

ብቻውን ከኮምፒውተር ጋር ለሚጫወት ሰው ጠፍ መሬት ችግር አይደለም። እንዲያውም የጨዋታው ቅመም ነው። በረዶ ላይ ተጥሎ ማሸነፍን የመሰለ ወሬ የለም። ከሰው ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ይመራል። አምስት ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ተወስኖ ሲያልቅ ማን ይወዳል? ሲቪላይዜሽን 6ን ለውድድር የሚጫወቱት ሰዎች ኩባንያውን መጠበቅ ትተው የራሳቸውን መነሻ አዳይ ጻፉ። «ቤተር ባላንስድ ስታርትስ» ይባላል። የጌሙን ድልድል ወደ ጎን ብሎ ራሱ ይደለድላል። ከእሱ ጎን ማፑን ራሱን የሚያስተካክል ሌላ ሞድ አለ፤ ሞድ ማለት ተጫዋቾች ጌሙን ለመለወጥ የሚሠሩት ጭማሪ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ማፕና ሞድ አንድ ነገር ሆኑ። ሰዎቹ አዲስ ጎራዴ ወይም አዲስ ንጉሥ አልጨመሩም። የነኩት ዕጣ ጣዩን ነው።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ፍትሕ ይፈልጋሉ። ፍሪሲቭ የሚባለው ነጻ ጌም ዴንማርክ ውስጥ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች በ1995 መጨረሻ ላይ የጀመሩት ነው። ከማፕ ዓይነቶቹ አንዱ «ፍትሐዊ ደሴቶች» ይባላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቁርጥ አንድ ዓይነት ደሴት ይሰጣል። ባትል ፎር ዌስኖዝ፣ ዴቪድ ዋይት በ2003 ያወጣው ነጻ ጌም፣ ማፕ ፈጣሪ አለው። ለቁም ነገር የሚፋለሙት ግን በእጅ የተሠሩ፣ ግራና ቀኛቸው የተመጣጠነ ማፖችን ይመርጣሉ። ገበጣም ሲቆፈር ለአንዱ ስድስት ለሌላው አራት ጉድጓድ አይደረግም።

ባለቤቱ የረሳው፣ አድናቂው የያዘው

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ «ሄሮስ ኦቭ ማይት ኤንድ ማጂክ 3» የሚባለው ጌም ታሪክ ነው። በ1999 ወጣ። በዚያው ዓመት የመጣው የመጀመሪያው ማስፋፊያ ራንደም ማፕ ፈጣሪ ጨመረለት። የዚህ ማሽን አስተሳሰብ ከሲቪላይዜሽን ተቃራኒ ነው። ሲቪላይዜሽን መሬት ፈጥሮ ሰው ያሰፍርበታል። ሄሮስ ሰፈሩን አስቀምጦ መሬት ያለብሰዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ቴምፕሌት የሚባል ንድፍ አለ። ክቦችና ክቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ብቻ። ይሄ ክብ የአንደኛው ተጫዋች ሰፈር፣ ያ የሁለተኛው፣ ይሄ መሃል ያለው ሀብት የታጨቀበት። ከዚህ ወደዚያ የሚያስገባ አንድ በር አለ፤ በሩ ላይ ይህን ያህል ጉልበት ያለው ጠባቂ ይቁም። እያንዳንዱ ሰፈር ውስጥ አንድ የእንጨትና አንድ የማዕድን ቦታ ይኑር። ዕጣ የሚገባው ይሄ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ነው። መንገዱ በየት ይጠምዘዝ፣ ጠባቂው ድራጎን ይሁን ወይስ የአጽም ሠራዊት፣ ሣጥኑ ውስጥ ምን ይቀመጥ።

ዝነኛው ቴምፕሌት ጀበስ ክሮስ ይባላል። ተጫዋቾቹ ዳር ዳር ይቀመጣሉ፣ መሃሉ አሸዋማ የሀብት ምድር ነው። ሁሉም በሩን ሰብሮ መሃል ለመግባት ይሽቀዳደማል። መንገዱን ማንም አያውቅም፣ ጉዞው ወዴት እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። ለእኔ የተሳካ ራንደም ማፕ ይሄ ነው። ዕጣው ዝርዝሩ ላይ ይግባ፣ አጽሙ ላይ አይግባ።

ፍትሕንም የሚያስከብሩበት ዘዴ አላቸው። ውድድር ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ወገን ከሌላው ይሻል ይሆናል። ያኔ ይጫረታሉ። የተሻለውን የፈለገ ሰው ከመነሻ ወርቁ ቀንሶ ለተቃዋሚው ይሰጣል። ውርስ የሚካፈሉ ወንድማማቾች ታውቃላችሁ አይደል? ከወንዙ በኩል ያለውን የወሰደ በሬውን ይተዋል። ያው ነው።

የጌሙ ባለቤት ኩባንያ በ2003 ከሰረ። መብቱ ዩቢሶፍት እጅ ገባ። በ2015 ዩቢሶፍት ምስሉን አጥርቶ ጌሙን እንደገና ለገበያ አቀረበ። ማስፋፊያዎቹ ግን አልተካተቱም። ምክንያቱ የማስፋፊያዎቹ ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ዋናው ጽሑፍ፣ አለመገኘቱ ነበር። ማስፋፊያው ሲቀር ራንደም ማፑም አብሮ ቀረ። በቃ፣ ሰው ለዓመታት ጌሙን የተጫወተበት ምክንያት ራሱ ተቆርጦ ወጣ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ አድናቂዎቹ ሌላ ቦታ ደርሰው ነበር። ሩሲያኛ ተናጋሪዎች የመሩት ቡድን «ሆርን ኦቭ ዘ አቢስ» የሚባለውን ሞድ በ2011 መጨረሻ አውጥቶ ነበር። ምንጭ ኮድ አልነበራቸውም። ያለቀውን ፕሮግራም ፈትተው እያዩ ነው የሠሩት። ጊዜ ወስደው የባሕር ወንበዴዎች ከተማ ጨመሩ፣ ማፕ ፈጣሪውን አሰፉ፣ ቴምፕሌት መሥሪያም አዘጋጁ። ዛሬ ሄሮስ 3ን ለውድድር የሚጫወት ሰው በአብዛኛው የሚጫወተው ይህን ነው። ሌላ ቡድን ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ቪሲኤምአይ በሚል ስም የጌሙን ሞተር ከባዶ እየጻፈ ነው። ኮዱ ክፍት ነው። ስልክ ላይም ይሠራል።

ኮዱ የጠፋበት ባለቤትና ኮዱን አይተው የማያውቁ አድናቂዎች። ከሁለቱ የጌሙን ዕድሜ ያራዘመው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ማስተር ፕላኑና ቤቱ

ሌላ ትንሽ ምሳሌ። «ኤክስኮም» የሚባለው የቆየ የጦር ጌም በ2012 ሲመለስ ማፖቹ ሁሉ በእጅ የተሠሩ ነበሩ። ቆንጆዎች ናቸው። ግን ጥቂት ሳምንት ከተጫወታችሁ በኋላ የትኛው መኪና ጀርባ መሸሸግ እንዳለባችሁ በቃላችሁ ታውቃላችሁ። ጌሙ ለሞድ የተዘጋጀ አልነበረም። «ሎንግ ዋር» የሚባለውን ትልቅ ሞድ የሠሩት ሰዎች የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ቁጥር በቁጥር እየቆፈሩ ነው እዚያ የደረሱት።

በ2016 የወጣው ኤክስኮም 2 ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ነካ። ማፑ እንደ ተሸነሸነ ሳይት ሆነ። መንገዱና ቦታው ተወስኖ ባዶ መሬቶች ይተዋሉ፤ በየመሬቱ የሚገጠመው ሕንፃ ይቀያየራል። ነዳጅ ማደያ የነበረበት ቦታ በሚቀጥለው ጊዜ ምግብ ቤት ይሆናል። የሰው እጅ የሠራው ውበት አልጠፋም፣ ድግግሞሹ ግን ቀነሰ። ሞዱንም በሚመለከት ኩባንያው የ«ሎንግ ዋር»ን ሠሪዎች ጠርቶ ጌሙ በወጣበት ዕለት የሚለቀቁ ሞዶች አሠራቸው። በር ሲሰብሩ የነበሩት ሰዎች ቁልፍ ተሰጣቸው።

ቁልፉ ስንት ጥርስ አለው?

«ጌሙ ሞድ ይቀበላል» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አይነግርም። ምን ያህል ጥልቀት ድረስ ነው? ሲቪላይዜሽን 2፣ በ1996፣ ሕጎቹን በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀመጠ። የጦሩን ጉልበት፣ የሕንፃውን ዋጋ በኖትፓድ መቀየር ይቻል ነበር። አራተኛው ፓይተንንና ኤክስኤምኤል የሚባለውን የመረጃ ፋይል አመጣ። በ2006 ደግሞ የጌሙን ሕግና የኮምፒውተሩን አስተሳሰብ የያዘውን ዋና ኮድ ለሕዝብ ሰጠ። ውጤቱ ታየ። «ፎል ፍሮም ሄቨን» የሚባለው ሞድ ጌሙን ወደ ሌላ ዓለም ለወጠው። አንድ ቁራጩ በ2007ቱ ይፋዊ ማስፋፊያ ውስጥ ገባ፣ መሪው በኋላ በሌላ ጌም ኩባንያ ተቀጠረ።

ማፕ በኩል ደግሞ «ፐርፌክት ወርልድ» የሚባል ስክሪፕት ተጻፈ። እሱን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። አብዛኛው ማፕ ፈጣሪ በረሃን ከምድር ወገብ በተወሰነ ርቀት ላይ ብትን አድርጎ ያልፋል። ይሄኛው ነፋሱን ይከተላል። እርጥበት ያዘለው ነፋስ ተራራ ሲገጥመው በወዲህ በኩል ያዘንባል፣ በወዲያ በኩል ይደርቃል። ደጋውን አረንጓዴ አድርጎ አፋርን የሚያደርቀውን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን ማፕ ሲያይ አይደነግጥም። በረሃው እዚያ ለምን እንደተቀመጠ ምክንያት አለው። አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው የጻፈው ነው።

አምስተኛው ሉዋ ወደሚባል ሌላ የኮድ ቋንቋ ዞረ። እሱም ቆይቶ ዋናውን ኮድ ለቀቀ። «ቮክስ ፖፑሊ» የሚባለው የማኅበረሰብ ሞድ በዚያ ላይ ተሠርቶ ጌሙን ከሥር እስከ ጫፉ አደሰው። ስድስተኛው ላይ በሩ ጠበበ። ማፕ ስክሪፕት መጻፍ ይቻላል፣ አዲስ አገር መጨመር ይቻላል። ያን ዋና ኮድ ግን ተጫዋቾች ለዓመታት ሲለምኑ ኖሩ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በመርከብ ሲሳሳት፣ በጦርነት ሲሳሳት፣ እያዩ ዝም ከማለት ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረም። ሰባተኛው ሲወጣ ደግሞ ሞድ በቀላሉ የሚወርድበት ስቲም ወርክሾፕ አብሮት አልመጣም። ወራት ዘግይቶ ነው የተጨመረው። አራት ማዕዘን አህጉር ይዞ ለወጣ ጌም መጀመሪያ ቀን መከፈት የነበረበት በር ይሄ ነበር ባይ ነኝ።

የኩባንያዎቹም ወገን ጨርሶ ባዶ አይደለም። ሞድ ራስ ምታት አለው። ጌሙ በታደሰ ቁጥር ግማሹ ሞድ ይሰበራል። ሁለት ሞዶች አንድ ፋይል ሲነኩ ይጣላሉ። አራት ሰዎች አብረው ለመጫወት ሁሉም ያንኑ ሞድ፣ ያንኑ ቅጂ መያዝ አለባቸው፤ አንዱ ካላደሰ ምሽቱ በማውረድ ያልቃል። የኛን ኢንተርኔት ጨምሩበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አድናቂ በነጻ አዲስ አገር ሲሠራ ኩባንያው ያንኑ በዶላር ሊሸጥ ነው። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ማፕ ፈጣሪውን መክፈት ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ጣጣ አለው። ማፕ ስክሪፕት የኩባንያ ዋና ገቢ ሲሆን አላየሁም። ብዙ የማያተርፉበትን ነገር ምን ያስቆልፋል?

ስልክ ላይ ያለው ዓለም

አዲስ አበባ ለተቀመጠ ልጅ ሰባተኛውም ስድስተኛውም ሩቅ ነው። ዋጋው በዶላር ነው፣ የባንክ ካርዱ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ኮምፒውተሩም አይችለውም። ፍላሽ በፍላሽ የሚዞረው ቅጂ ደግሞ ወርክሾፕ የሚባል ነገር አያውቅም። በዚህ ምክንያት ነው ዩንሲቭ የሚባለውን ጌም ለሰው ሁሉ የምናገረው። የአምስተኛውን ሲቪላይዜሽን ሕግ ይዞ በነጻ የተጻፈ ነው። ደካማ ስልክ ላይ ይሮጣል፣ ኢንተርኔት አይለምንም። ምስሉ ተራ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ማፕ መፍጠሪያው ግን ሆዱን ይከፍትላችኋል። የማፕ ዓይነት ስትመርጡ ከዝርዝሩ መካከል «ፐርሊን» የሚል ስም ታያላችሁ፣ ያ ከላይ ያነሳነው ሰውዬ። ከፍታውን፣ ሙቀቱን፣ የደኑን ብዛት፣ የውኃውን መጠን እየጎተቱ መቀየር ይቻላል። ሲዱን በእጅ መጻፍም ይቻላል። አገሮቹና ሕጎቹ በሙሉ በጽሑፍ ፋይል ተቀምጠዋል።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት እኔ ላፕቶፕ ላይ ፋይሉን ከፍተን የራሱን አገር ጻፈ። የከተሞቹን ስም ከሰፈር ወሰደ፤ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ፣ እንጦጦ። የመነሻ መሬት ዝንባሌ የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ኮረብታ ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ። «ባሕር» አለ። ለምን ስለው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ኮረብታማ እዚህም አለ» አለኝ።

ማሽኑ እሺ አለው። ጉለሌ ባሕር ዳር ተቆረቆረች። ኋላዋ ወንዝ፣ ፊቷ ዓሣ፣ ጎኗ ላይ የወይን ቦታ። ገና ሁለተኛ ከተማውን ሳይሠራ ጎረቤቱ በፈረሰኛ መጣበት። ተቆጥቶ ላፕቶፑን ዘጋው። ሲዱን ግን ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፎት አይቻለሁ።